የካዝና ክፍል በር በዓይን አሻራ፦ ከደብረ ማርቆስ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ። የካዝና ክፍሉ በር እስካሁን የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ፣ ሌላው ዋናው ገንዘብ ያዥ ዘንድ። ደንቡ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው፤ አንዱ ለስብሰባ ሲወጣ "ያዝልኝ" ብሎ ለባልደረባው ያቀብላል፣ ከዚያ በኋላ የሁለት ሰው ቁጥጥር የሚባለው መዝገቡ ላይ ብቻ ይቀራል። ዓይን ግን "ያዝልኝ" ተብሎ አይሰጥም።

ካዝናው ራሱ አይነካም። የብረት በሩም የራሱ ቁልፍም እንዳለ ይቀጥላል። የሚቀየረው ከፊቱ ያለው የክፍሉ በር ነው፦ ካርድና አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም የዓይን ቀለበት)፣ ከሁለት ሰው፣ በ30 ሴኮንድ ውስጥ።

የገባው ዕቃ፦ ሁለቱንም ዓይን ባንድ ጊዜ የሚያነሳ፣ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ርቀት ላይ የሚሠራና ካርድ የሚያነብ ካሜራ፤ በሩ ይከፈት አይከፈት የሚወስነው ኮንትሮለር ከብረት ሳጥኑ ጋር፤ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ቁልፍ፣ መብራት ሲጠፋ ተቆልፎ የሚቀረው ዓይነት፤ 12 ቮልት 5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ባትሪ የሚሞላ፤ ባለ 18 አምፔር ሰዓት ባትሪ፤ የበር ሴንሰር፤ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የኃይል ገመድ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘና ሽፋን ያለው የዳታ ገመድ፤ ሁለት ባለ 120 ኦም ሬዚስተር፤ ጅረት ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዋን ኤን 4007 ዳዮድ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ርካሽ ናቸው፤ ዋጋ ማቅረቢያ ላይ የሚዘለሉትም እነሱ ናቸው።

ሰኞ፦ ቦታና ብርሃን

ከመሰርሰሪያው በፊት ብርሃኑ ይታያል። የካዝና ክፍሉ በር ፊት ለፊት ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለ። ካዝና የሚከፈተው ባንኩ 2 ሰዓት ላይ ሥራ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ልክ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ዘልቃ በሩ ላይ ታርፋለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ክረምቱ ካለፈ የጠዋቷ ፀሐይ ቀላል አይደለችም።

የአይሪስ ካሜራ የሚሠራው ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ኢንፍራሬድ፣ ለእኛ በማይታየው ብርሃን ነው። ምክንያቱ እንደኛ ያለው ጥቁር ቡናማ ዓይን ነው። በተራ ብርሃን ሜላኒኑ (ጥቁር ቀለሙ) ሁሉን ውጦ አይሪሱን አንድ ወጥ ጥቁር ያስመስለዋል፤ በኢንፍራሬድ ግን ጅማቱም ጉድጓዱም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ፀሐይም ኢንፍራሬድ በብዛት ትረጫለች። ካሜራው በሩ ላይ ቢሰቀል ከሰውየው ጀርባ የሚመጣው ብርሃን ያሳውረዋል። መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ቢሆን ደግሞ የመስኮቱ ፍሬም ዓይኑ ላይ አንጸባርቆ የአይሪሱን ሲሶ ይበላል፣ ሰውየውም ይጨፍናል።

ብርሃን መለኪያ እዚህ ያሳስታል፤ የሚለካው ለእኛ የሚታየውን ብቻ ነው። የሚሻለው ሙከራ ይኼ ነው፦ የካሜራው የራሱ ኢንፍራሬድ መብራት በሴቲንግ ይጠፋል፣ ሰው ከፊቱ ይቆማል፣ ምስሉ ይታያል። ምስሉ ጨለማ ከሆነ ቦታው ደህና ነው። ፊት ለይቶ ማየት ከተቻለ ግን ከውጭ የሚገባው ኢንፍራሬድ በዝቷል ማለት ነው። ሙከራው ካዝና በሚከፈትበት ሰዓት መደረግ አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ቢደረግ ሁሉም ቦታ ጥሩ ይመስላል።

የተወሰነው፦ ካሜራው ከበሩ በስተቀኝ ባለው የጎን ግድግዳ፣ 15 ሴንቲ ወጣ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ከላይና ከመስኮቱ በኩል፣ መስኮቱ ላይ ኢንፍራሬድ የሚመልስ ፊልም። ኮሪደሩ ላይ ያለው የድሮ አምፖል በኤልኢዲ ይቀየራል። የክር አምፖል ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱና ኢንፍራሬዱ ይበዛል፣ ኤልኢዲ ግን በዚያ በኩል የለበትም።

ከፍታ፦ ሌንሱ ከወለል 1.55 ሜትር። በ40 ሴንቲ ርቀት ወደ ላይም ወደ ታችም 20 ዲግሪ የሚያይ ካሜራ 14 ሴንቲ ገደማ ከፍና ዝቅ ይሸፍናል፤ ይህም ዓይናቸው ከ1.41 እስከ 1.69 ሜትር ላይ ላለ ሰዎች ይበቃል። ከዚያ ያጠረ ሠራተኛ ካለ ካሜራው ትንሽ ወደ ታች ይዘነበላል። በርጩማ ማስቀመጥ አይመከርም፤ በርጩማው ነገ ሌላ ቦታ ይገኛል።

ማክሰኞ፦ ገመድ

ቅርንጫፉ ሲታደስ የተዘረጋ ትርፍ የኔትወርክ ገመድ ኮርኒስ ውስጥ ነበር፤ "ይኼው ገመድ አለ" ተባለ። ለዳታ ይሆን ይሆናል፣ ለኃይል ግን አይሆንም፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ከኮንትሮለሩ እስከ ካሜራው 20 ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 40። የኔትወርክ ገመድ አንዱ ክር ስፋቱ 0.26 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ40 ሜትሩ መዳብ 2.7 ኦም ይሆናል። ካሜራው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ ምንም አይታወቅም። ሰው ሲቀርብ ኢንፍራሬዱ ይበራል፣ የሚስበው ወደ 1 አምፔር ይጠጋል፣ 2.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ካሜራው ጋ የሚደርሰው 9.3 ቮልት ነው። ያኔ ካሜራው ጠፍቶ ይነሳል፤ ሰውየው ዞር ሲል ደህና ይሆናል፣ ሲመለስ እንደገና ይጠፋል። ይህን ያየ ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ "ካሜራው ተበላሽቷል" ብሎ ያስመልሰዋል። በባለ 1.5 ገመድ ግን የሚጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም።

የዳታው መስመር አርኤስ-485 የሚባለው፣ በተጠማዘዘ ጥንድ ክር ዳታ የሚልከው ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር፣ ሽፋኑ መሬት የሚያዘው በኮንትሮለሩ በኩል ብቻ። በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ በክረምት መብረቅ ጊዜ ሽፋኑ ራሱ የጅረት መንገድ ይሆናል፤ የጎጃም ደጋ ክረምት ደግሞ መብረቁ አይታማም። ኃይል መግቢያው ላይም ሰርጅ መከላከያ ገብቷል።

በካሜራውና በኮንትሮለሩ መሐል የሚነገረው ቋንቋ ኦኤስዲፒ እንዲሆን፣ ምስጢራዊ ቻናሉም እንዲበራ ተደርጓል። የቆየው ቋንቋ፣ ዊጋንድ፣ የካርዱን ቁጥር ሳይሸፍን በሁለት ክር ይልካል፤ ክሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ የሰካ ሰው ቀድቶ መልሶ ሊልከው ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሌባው ዓይን ማስመሰል አያስፈልገውም፣ "ዓይኑ ታውቋል" የሚለውን መልእክት ማስመሰል ይበቃዋል። ምስጢራዊ ቻናሉ ከፋብሪካ በሚመጣው የጋራ ቁልፍ እንዳይቀር፤ ይህ ቁልፍ በየማኑዋሉ ታትሞ የሚገኝ ነው፣ መቀየር አለበት።

ረቡዕ፦ ቁልፉና ኮንትሮለሩ

ኮንትሮለሩ የተሰቀለው ከበሩ ወዲያ፣ ካዝና ክፍሉ ውስጥ ነው። በሩን የሚከፍተው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ካሜራው ውስጥ ያለበት ርካሽ መሣሪያ ገበያ ላይ ሞልቷል። እሱ ከተገጠመ አራት ብሎን የፈታ ሰው ከጀርባው ሁለት ክር አገናኝቶ ይገባል። በእኛው ላይ ፍተሻው የተደረገው ካሜራውን ከግድግዳ ነቅሎ ክሮቹን አንድ በአንድ በማገናኘት ነው፦ በሩ ንቅንቅ አላለም፣ የመነካካት ማንቂያው ጮኸ።

ቁልፉ ላይ ክርክር ነበር። ማግኔት ቁልፍ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ይለቃል። ለቢሮ በር ይሁን፤ ለካዝና ክፍል ግን ሒሳቡን መሥራት ነው። ኮንትሮለሩ 0.2፣ ካሜራው በአማካይ 0.5፣ ማግኔቱ 0.5፣ ድምሩ 1.2 አምፔር። የተለመደው ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ 80 በመቶውን ብንቆጥርለት፣ 5 ሰዓት አይሞላም። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ቢጠፋና ሰኞ ጠዋት ቢመጣ፣ ጀነሬተሩም የሚነሳው በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የካዝና ክፍሉ በር እሑድን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይውላል፣ ያድራል። መብራት ሲጠፋ ተቆልፎ የሚቀረው ቁልፍ ግን ኃይል የሚወስደው ሲከፈት ብቻ ነው፤ በ0.7 አምፔር ባለ 18 ባትሪው 20 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ካለቀም በሩ እንደተቆለፈ ይቆያል። ከውስጥ ያለው እጀታ ግን በመካኒክ የሚሠራ መሆን አለበት፦ ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረ፣ ውስጥ ያለ ሰው እጀታውን ተጭኖ ይወጣል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ዳዮዱ የገባው ቁልፉ ጋ ነው፣ በመጠምጠሚያው ሁለት ጫፎች መሐል፣ መስመር ያለበት ጎኑ ወደ ፖዘቲቭ። ሳይገባ ሲቀር ቁልፉ በተዘጋ ቁጥር ከመጠምጠሚያው የሚመለሰው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሪሌውን ጥርስ ይበላል፣ አንዳንዴም ኮንትሮለሩን ያስነሳዋል። ተገልብጦ ከገባ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ቢያንስ ይኼኛው ወዲያው ይታወቃል።

ሐሙስ፦ ምዝገባ

የጥበቃው ጥንካሬ የሚወሰነው እዚህ ነው። ካሜራው የሚያውቀው የተነገረውን ስም ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዘዴ ጆን ዶግማን የተባለ ተመራማሪ ካምብሪጅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከእሱ የተወለዱ ናቸው። የአይሪሱ ቀለበት ተተርትሮ በ2,048 ቢት (በ0ና በ1) ኮድ ይጻፋል፤ ሽፋሽፍትና ነጸብራቅ ያረፈበትን የሚያመለክት እኩል መጠን ያለው ጭምብል ይጨመርበታል። ሁለት ኮዶች ሲነጻጸሩ ከጠቅላላው ቢት ስንት እጁ እንደሚለያይ ይሰላል። የማይዛመዱ ሁለት ዓይኖች ልዩነታቸው 0.5 አካባቢ ነው፤ ያው ዓይን ደግሞ ደጋግሞ ሲነሳ 0.11 አካባቢ ይሆናል። ያው ዓይን ነው ተብሎ የሚታመንበት የልዩነት ገደብ 0.32 ላይ ሲቆም በስሕተት የመገጣጠም ዕድል በዶግማን ሠንጠረዥ 1 ከ26 ሚሊዮን ነው፤ 0.33 ላይ 1 ከ4 ሚሊዮን፣ 0.35 ላይ 1 ከ133 ሺህ። አንዳንድ አምራች ይህን ርቀት ወደራሱ ነጥብ ቀይሮ ስለሚያሳይ ገደቡ ከመነካቱ በፊት ማኑዋሉ ይነበብ።

የሚመዘገበው ሰው መነጽሩን ያወልቃል፣ ጥበቃ ከሆነ ኮፍያውንም። የሚባለው ይኼን ያህል ነው፦ "መስታወቱ ላይ ዓይንዎን ይዩ፣ ሰፋ አድርገው ይክፈቱ፣ አይቅረቡ።" ከእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ምስል ይወሰዳል፣ ሦስቱ እርስ በርስ ይነጻጸራሉ፤ ልዩነቱ ከ0.2 ከበለጠ ይደገማል። የአይሪሱ ስፋት ምስሉ ላይ 200 ፒክስል ገደማ፣ ያልተሸፈነው ክፍል ከ70 በመቶ በላይ፣ የብሌኑ ስፋት ከአይሪሱ ከ20 እስከ 70 በመቶ። የመጨረሻው ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጨለማ ቢሮ ውስጥ ብሌኑ ተከፍቶ የተመዘገበ ሰው፣ ብርሃን ኮሪደር ላይ ብሌኑ ጠቦ ሲመጣ ልዩነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ምዝገባ የሚደረገው ካሜራው በተሰቀለበት ቦታ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ መመዝገብ ይመቻል፣ ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ ያስከፍላል።

አንድ ቀዳዳ ብዙ ሰው አያየውም። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ዓይን አይመሳሰሉም፤ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ዓይን ያህል ይለያያሉ። የመንትዮችም እንዲሁ ነው። እንግዲህ አንድ ዓይን ብቻ የሚያነሳ መሣሪያ ካለና መዝጋቢው ከተባበረ፣ አንድ ሰው በቀኝ ዓይኑ በራሱ ስም፣ በግራው በሌላ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ሲስተሙ "ይህ ዓይን ከዚህ በፊት የለም" ብሎ ይቀበላል፣ ያ ሰውም ብቻውን ሁለት ሰው ሆኖ በሩን ይከፍታል። ሁለቱንም ዓይን ባንድ ምስል የሚያነሳ ካሜራ የተመረጠው ለዚህ ነው። አንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ሠራተኛ ሲኖር በሁለት ፊርማ በተለየ ቅጽ ይመዘገባል። መዝጋቢውም ከሁለቱ የቁልፍ ቡድኖች ውጭ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውም ሰው አይመዘግቡም።

ምስሎቹ አይቀመጡም። የሚቀመጠው ኮዱ ብቻ ነው፣ ተመስጥሮ። ከነጭምብሉ ለአንድ ሰው 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ የ30 ሠራተኛ ኮንትሮለሩ ውስጥ በቀላሉ ያድራል፤ ኔትወርክ ቢቋረጥም በሩ ይሠራል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፣ የዓይን ኮድ ቢሰረቅ ግን ዓይን መተኪያ የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የጽሑፍ ስምምነት ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ተወስዷል።

ዓርብ፦ ማታለያ

ካሜራው ይታለል እንደሆነ ተሞከረ። ስልክ ላይ የተከፈተ የዓይን ፎቶ፦ ወድቋል፤ የስልክ ስክሪን ኢንፍራሬድ ስለማያወጣ ለካሜራው ጥቁር ሰሌዳ ነው። በቀለም ማተሚያ የታተመ፦ ብዙው የፈሳሽ ቀለም ለኢንፍራሬድ እንደ ውሃ ያሳልፋል፣ ካሜራው ባዶ ወረቀት አየ። የሚያሰጋው የሌዘር ማተሚያ ነው። ጥቁሩ ቶነር ካርቦን ስላለበት በኢንፍራሬድም ጥቁር ነው። በኢንፍራሬድ የተነሳ ዓይን፣ በልኩ አይሪሱ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ታትሞ፣ የብሌኑ ቦታ ተቆርጦ ከኋላ እውነተኛ ዓይን ሲያይበት ተሞከረ። ካሜራው የሕያውነት ፍተሻው ጠፍቶ ሳለ ተቀበለው፤ ሲበራ አልተቀበለም። የፋብሪካው ሴቲንግ ግን ለፍጥነት ሲባል ፍተሻው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመኑ የሃከሮች ማኅበር ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ8ን የአይሪስ ቁልፍ በታተመ ፎቶና ላዩ ላይ በተደረገ ኮንታክት ሌንስ እንደከፈተው ይታወቃል። ሌንሱ የዓይንን ክብነት ለመስጠት ነው። ያም በዚህ በር ተሞክሮ አልሠራም። ጌጠኛ ኮንታክት ሌንስ ያደረገ ሰው ከነሌንሱ መመዝገብም የለበትም፤ ከተመዘገበ የሚመዘገበው ሌንሱ ነው።

ካሜራው የማይከላከለው ነገር አለ፦ ተገድዶ የመጣ ሰው ዓይን ያው የራሱ ዓይን ነው። ለዚያ ከካርዱ ጋር የሚመታ የምስጢር ቁጥር ተጨምሯል፤ ለግዳጅ ጊዜ የተሰጠው ሁለተኛ ቁጥር ከተመታ በሩ በተለመደው ሁኔታ ይከፈታል፣ ማንቂያው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ካዝናው ላይ ያለው የሰዓት ማዘግያም አልተነሳም።

ሁለተኛው ሳምንት፦ በሥራ ላይ

ሰኞ ጠዋት በሩ ማንንም አላስገባም። ዓይን ታውቋል፣ ካርድ ታውቋል፣ ሎጉ ላይ "ከተፈቀደ ሰዓት ውጭ" ይላል። የጊዜ ሠንጠረዡን የሞላው ሰው ከ1:30 እስከ 11:30 ብሎ ነበር የሞላው፣ ልክ እንደምንናገረው። ኮንትሮለሩ ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:30 እስከ ረፋዱ 5:30 አድርጎ አነበበው። ስሕተቱ ይህ ብቻ ቢሆንማ ጠዋት በከፈተ። ያልከፈተበት ምክንያት ሌላ ነበር፦ የኮንትሮለሩ ሰዓት ራሱ ጠዋትና ማታው ተገለባብጦ ተሞልቶ ነበር፣ ስለዚህ ለመሣሪያው ጠዋቱ ገና ማታ ነበር። አደገኛው ስሕተት ግን የመጀመሪያው፣ የሠንጠረዡ ነው፤ በሩ ሌሊት የተፈቀደ ሆኖ ያድራል፣ ማንም ካልሞከረ አይታወቅም። አሁን ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ሰዓት በሙሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ 07:30 እስከ 17:30፤ ሳጥኑ ላይ የሁለቱ አቆጣጠር ማመሳከሪያ ተለጥፏል። የሰሌዳዋ ሲአር 2032 ባትሪም ትታይ፤ ስትደክም ሰዓቱ ከመብራት መጥፋት በኋላ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ረቡዕ አለመቀበል በዛ። ሌንሱ ላይ የወለል መጥረጊያ ጨርቅ ዱካ ተገኘ። ሌንሱ የሚጠረገው በደረቅ የመነጽር ጨርቅ ነው፤ አልኮልና ሶፍት ሽፋኑን ሊጎዱት ይችላሉ።

ወዲያው "ገደቡን ወደ 0.36 ከፍ አድርጉልን" የሚል ጥያቄ መጣ። አልተደረገም። ገደቡ በ0.01 ከፍ ባለ ቁጥር የስሕተት ዕድሉ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ያድጋል፣ ቆሻሻው ሌንስ ግን ቆሻሻ እንደሆነ ይቀራል። አለመቀበል ሲበዛ ቅደም ተከተሉ፦ ሌንስ፣ ብርሃን፣ የሰውየው ምዝገባ። ገደብ የሚነካው ሁሉም ታይቶ ሲያልቅ ነው።

ተጠባባቂው መንገድ ከዋናው ይበልጥ ይጠበቅ። መካኒካል ቁልፉ በታሸገ ፖስታ፣ ቁጥር ባለው ማኅተም፣ ከቅርንጫፉ ውጭ ነው ያለው። መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የዓይን አሻራው ሁሉ ለጌጥ ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ካሜራውን አያይም፣ መሳቢያውን ይከፍታል። ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ማኅተሙ ይቀየራል፣ ምክንያቱ ይጻፋል።

ስለ ደንበኞች መስኮት

በቴለር መስኮት ላይም ይሞከር የሚል ሐሳብ አለ። ምክንያት አለው፦ ከጎዛምንና ከአካባቢው የሚመጣ ገበሬ ጣቱ በማጭድና በሞፈር ተልጦ የጣት አሻራው አይነበብም። በፋይዳ ምዝገባም ከዐሥር ጣትና ከፊት ጋር ሁለቱ አይሪስ ይወሰዳል። ግን ትራኮማ በአማራ ክልል ገጠር የተለመደ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ለዓመታት የዓይኑን የፊት ግልጽ ሽፋን ሲፍቅ ነጭ ጠባሳ ይጥላል፣ ጠባሳው አይሪሱን ይሸፍናል። የዓይን ሞራ እንደዚያ አያስቸግርም፤ ያለው ከብሌኑ ኋላ ስለሆነ አይሪሱ ይታያል። ቀዶ ጥገናው ግን የብሌኑን ቅርጽ ከለወጠ እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለደንበኛ ከሆነ ዓይኑ ያልተነበበለት ሰው የሚስተናገድበት ሌላ መንገድ አብሮ ካልተሠራ አይጀመር። እማማን መስኮት ላይ አቁሞ "ዓይንዎን ይክፈቱ" እያሉ ማስጨነቅ ጥበቃ አይባልም።

ዝውውር

ባንክ ሠራተኛ ያዛውራል። የተዛወረ ሰው ኮድ ከኮንትሮለሩ ካልወጣ ካርዱ ብቻ ነው የሚመለሰው። የተያዘው አሠራር፦ ክሊራንሱ ከመፈረሙ በፊት ኮዱ ይሰረዛል፣ ካርዱ ገና ሳይመለስ ሠራተኛው በሩ ላይ ቀርቦ ካርዱንም ዓይኑንም ያሳያል፣ በሩ እምቢ ይላል፣ የእምቢታው ሎግ ታትሞ ከክሊራንሱ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ካርዱ ይመለሳል።